ሁለት ካሳ፣ አንድ ዕዳ

በቀደም ፒያሳ አንዲት ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሁለት ወጣቶች ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። አንዱ «የናንተው ዮሐንስ አይደሉ እንግሊዝን ያሳለፉት!» ሲል፣ ሌላው «የናንተው ቴዎድሮስ አይደሉ ጎንደርን ያቃጠሉት!» ብሎ መለሰለት። ክርክሩ አልገረመኝም። የገረመችኝ «የናንተ» የምትለዋ ቃል ናት።

መቼም እኔ የታሪክ ሊቅ አይደለሁም፤ ዲፕሎማዬም በሌላ ሙያ ነው። ግን ሁለቱን ነገሥታት ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ከልዩነታቸው ይልቅ መመሳሰላቸው ይበዛብኛል።

እስቲ ከስማቸው እንጀምር። አፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ኃይሉ፣ አፄ ዮሐንስም ካሳ ምርጫ ነበሩ። አንዱ መይሳው ካሳ፣ ሌላው በዝብዝ ካሳ ተባሉ። ሁለቱም ዙፋኑን በጦር ሜዳ አሸንፈው ነው የያዙት፤ አንዱ በ1847 ዓ.ም.፣ ሌላው በ1864። ሁለቱም መሳፍንት የተቀራመቷትን አገር አንድ ለማድረግ ተነሱ፤ ሁለቱም ለዚሁ ሲሉ ጨከኑ። ቴዎድሮስ በ1859 ጎንደርን አቃጠሉ፤ ጳጳሱን አቡነ ሰላማን መቅደላ ላይ አሰሩ። ዮሐንስ በ1870 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎን ሙስሊም «ተጠመቅ» ብለው አስገደዱ፤ በ1881 ደግሞ ጎጃምን አጠፉ። «የኛ» የሚል ሰው እንግዲህ ይሄንንም «የኛ» ይበል!

ወደ እንግሊዝ ነገር ልምጣ። ቴዎድሮስ በ1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። መልሱ በጊዜው አልመጣም። ተቆጥተው ቆንስሉንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። በ1860 የናፒየር ጦር መጣ። ያን ጊዜ ትግራይን ይገዙ የነበሩት ካሳ ምርጫ ጦሩን በሰላም አሳለፉት። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ካሳ ምርጫ ለውለታቸው መድፎችና 850 ያህል ጠመንጃ ተሰጣቸው፤ በዚያ መሣሪያ ሐምሌ 1863 አድዋ አጠገብ አፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል አድርገው ነገሡ።

እዚህ ላይ «ከሀዲ!» ብሎ መፍረድ ይቀላል። ያን ጦር ሊያቆሙት አቅም አልነበራቸውም የሚልም አለ፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። ደግሞም በ1868 ጉንደትና ጉራዕ ላይ የግብጽን ጦር የደመሰሱት እኚሁ ሰው ናቸው። ግን መጨረሻውን እንይ። በ1876 ዮሐንስ ከእንግሊዝ ጋር አድዋ ላይ ተፈራረሙ። በማህዲስቶች የተከበበው የግብጽ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ሊረዱ፣ በለውጡ ቦጎስ ሊመለስላቸው፣ ምጽዋም ለንግዳቸው ነጻ ልትሆን ነበር። ዮሐንስ ቃላቸውን ጠበቁ። እንግሊዝስ? ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን ምጽዋን ያዘ፤ የያዘውም በእንግሊዝ ይሁንታ ነው! ለዮሐንስ የተረፋቸው የማህዲስቶች ቂም ሆነ። መጋቢት 1881 መተማ ላይ ቆስለው ሞቱ።

ቴዎድሮስን የጣለ ወዳጅ ዮሐንስንም ጣላቸው። የቴዎድሮስ ፀጉር ተቆርጦ እንግሊዝ አገር ገባ፤ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። ልጃቸው አለማየሁ በባዕድ አገር ሞቶ ዊንድሶር ተቀበረ። የዮሐንስ ራስ ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ። ለማን እናልቅስ? ለማንስ እናጨብጭብ?

እንደኔ እንደኔ የሁለቱም ጥፋት አንድ ነው። ቴዎድሮስ የአገራቸውን ባላንጣ ሰምተው ከማግባባት በኃይል መቅጣት ቀለላቸው፤ ዮሐንስም ከመቅደላው ካሳ ይልቅ ናፒየርን ማመን ቀለላቸው። ይሄ በሽታ አብሯቸው አልተቀበረም። ወንበር ላይ የተቀመጠውም ሆነ ወንበር የሚመኘው፣ ከወንድሙ ጋር ከመነጋገር የፈረንጅ ደጅ መጥናት ከቀለለው ያው መንገድ ላይ ነው። እኛም የነገሥታቱን አጥንት ተከፋፍለን ስንሰዳደብ ነገሩን እናመቻችለታለን።

ሒሳቤን ከፍዬ ስነሳ ለወጣቶቹ ይሄንኑ በአጭሩ ነገርኳቸው። አንደኛው ፈገግ ብሎ «ታዲያ ጋሼ፣ ያንተ የትኛው ነው?» አለኝ።

«ሁለቱም፤ ከነዕዳቸው» አልኩት።

ቸር ይግጠመን!