የዶርዜ ሸማኔ ሰነፍ ነውን?



ስልካችንን በከፈትን ቁጥር አንድ ዓይነት ንግግር ይገጥመናል። ሱፍ የለበሰ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ ማለዳ ተነሡ፣ አስተሳሰባችሁን ቀይሩ፣ ሠርቶ ያልተለወጠ የለም ይለናል። አዳራሹ በጭብጨባ ይሞላል። ሥራ ውደዱ መባሉን አንጠላም። የማይዋጥልን ከንግግሩ ሥር ያለው ፍርድ ነው፤ ያላለፈለት ሁሉ ያልሠራ ነው የሚለው።

ይህን ፍርድ ለመመርመር እኛ የአርባ ምንጭ ልጆች ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ወደ ጨንቻ የሚወስደውን ዳገት ወጥተን ዶርዜ ብንደርስ ይበቃል። እዚያ ሴቶቹ ጥጥ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ሸማኔው ማልዶ እግሩን ከጉድጓዱ ከትቶ ይቀመጣል፤ እጁ መወርወሪያውን ሲያመላልስ፣ እግሩ ሲረግጥ ይመሻል። በአገራችን ጎንበስ ብሎ የሚውል ሰው ይጠራ ቢባል ከፊት የሚቆመው እሱ ነው። ሽሮ ሜዳ ተሰቅለው ከምናያቸው ጋቢዎችና ነጠላዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ በወጡ ሰዎች እጅ የተሠሩ ናቸው። ታዲያ ያ ሰው ለምን አላለፈለትም?

ክሩን ማን ያመጣል ብለን እንጠይቅ። ብዙ ጊዜ ሸማኔው ድርና ማግ የሚገዛበት ገንዘብ ስለሌለው ከነጋዴ በዱቤ ይወስዳል። ሠርቶ ሲጨርስም የሚያስረክበው ለዚያው ነጋዴ ነው። የክሩን ዋጋ የሚናገረው እሱ፣ የነጠላውንም ዋጋ የሚቆርጠው እሱ። ወቅቱም አለ። የሐበሻ ልብስ የሚፈለገው በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በጥምቀት ሰሞን ነው። በክረምት ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ሸማኔው የቤቱ ሆድ አይጠብቅለትምና በተገኘው ይሸጣል፤ አቅም ያለው ገዝቶ ያስቀምጥና በዓል ሲደርስ ያወጣዋል። ሁለቱም ሰው ያንኑ ነጠላ ነው የያዙት። ልዩነታቸው አንዱ ሁለት ወር መጠበቅ መቻሉ፣ ሌላው አለመቻሉ ነው። በዚህ ላይ ከውጭ የሚገባው፣ በማሽን የታተመ ጥበብ መሳይ ጨርቅ አለ። ከእሱ ጋር በዋጋ መፎካከር አይሞከርም።

ከሁሉም የሚከብደው የልጆቹ ነገር ነው። ከጋሞ ደጋ ትምህርት ቤት እናስገባላችኋለን እየተባሉ አዲስ አበባ ሄደው ከሽመና ጉድጓድ የቀሩ ልጆች ታሪክ አዲስ አይደለም፤ ለዓመታት ሲነገር ኖሯል። አባት ልጁን የሚልከው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። ደጋው ሕዝብ የበዛበት ነው፤ መሬቱ በየትውልዱ ሲሸነሸን ለመጨረሻው ልጅ የሚደርሰው የእንሰት ጓሮ ቢሆን ነው። ልጁ የሚማርበትን ዕድሜ ከጉድጓድ ካሳለፈ ደግሞ ነገ ለራሱ ልጅ የሚያወርሰው ያንኑ ጉድጓድ ነው።

ይህ የጋሞ ብቻ ጉዳይ እንዳይመስለን። የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት መሠረት ከድሃ ቤት የተወለደ ልጅ ዘር ከአገሩ አማካይ ገቢ ለመድረስ በዴንማርክ ሁለት ትውልድ፣ በኮሎምቢያ 11 ትውልድ ይፈጅበታል። የኮሎምቢያ ሰው ከዴንማርክ ሰው በዚያ ልክ ይሰንፋል የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳን።

ወደ አገራችን እንመለስ። ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚያስቀረው፤ ስምም ያስቀራል። በጋሞ ደጋ ሸክላ የሚሠሩት ማና፣ ቆዳ የሚያለፉትና ብረት የሚቀጠቅጡት ደጋላ ተብለው ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ፣ በአደባባይ ጉባኤ እንዳይቀመጡ፣ መሬት እንዳይኖራቸው ተደርገው ኖረዋል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። የካቲት 1967 የታወጀው የመሬት አዋጅም ለአንዳንዶቹ መሬት አስገኘላቸው። አዋጅ ግን የጋብቻን በር አይከፍትም። የአላህ ነቢይ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ጥሩር ሠሪ፣ ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ እንደነበሩ እየተማርን ያደግን ሰዎች «ቀጥቃጭ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ስንሰማ ዝም ማለት አይገባንም።

አሁን ከደጋው ወርደን ቆላው እንግባ። ላንቴና ጫኖ ሚሌ በሐሬ ወንዝ የሚለማው ሙዝ የአዲስ አበባን ገበያ ከሚመግቡት ዋነኞቹ ነው። ገበሬው መሬት አለው፣ ውኃ አለው፤ ከሸማኔው ይሻላል። ቢሆንም ሙዝ አይጠብቅም። ከተቆረጠ በኋላ ያለው ቀን የተቆጠረ ነው። መኪናው የነጋዴው፣ የማብሰያው ክፍል ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ። የዛሬውን የአዲስ አበባ ዋጋ የሚያውቀው በስልክ የተነጋገረው ደላላ ነው፤ ማሳው ዳር የቆመው ገበሬ በአብዛኛው የሚሰማው ደላላው የነገረውን ነው።

የሚገርመው፣ ይህ ጉዳይ ከ1400 ዓመት በፊት መዲና ገበያ ላይ ተነሥቷል። መልእክተኛው (ሶ.ዐ.ወ.) ሸቀጥ ይዘው የሚመጡ ተጓዦችን ገበያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ጠብቆ መግዛትን ከልክለዋል፤ ሻጩ ገበያ ደርሶ ዋጋውን ሲያውቅ ውሉን የማፍረስ መብት እንዳለው በሐዲስ ተነግሯል። ከተሜው ለገጠሬው እንዳይሸጥለትም የተከለከለ ሲሆን ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ይህን ደላላ እንዳይሆንበት ብለው አብራርተውታል። ዑለሞች በዝርዝሩ ላይ የተለያየ ሐሳብ አላቸው፤ እኛም እዚህ ፈትዋ እየሰጠን አይደለም፣ ንግድንም ሐራም እያልን አይደለም። ብዙዎቻችን ሲቀላ ገበያ ላይ ያደግን ነን። ዋጋን የማያውቅ ሻጭና ዋጋን የሚያውቅ ገዢ ሲገናኙ ግን የሚሆነውን ዲናችን አስቀድሞ አይቶታል። ስለዚህ «ሪዝቅ ከአላህ ነው» የሚለውን እውነት ወስደን ደላላው ለሚሠራው ሥራ መሸፈኛ ማድረግ አይሆንም።

የከተማው ልጅስ? ዩኒቨርሲቲ ከደጁ ነው፤ ተመርቆም የሰው ባጃጅ እየነዳ ማታ ገቢ የሚያስገባ ሞልቷል። ባጃጁን ራሱ ይግዛ ብንል ማስያዣ ይጠየቃል። በ2009 ዓ.ም. መንግሥት 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲያቋቁም ብድሩ በወለድ ስለነበር ከመካከላችን ብዙው ራቀው። ሰኔ 2013 ዘምዘም ባንክ ሥራ ሲጀምር የተደሰትነው ደስታ ልክ አልነበረውም፤ አልሐምዱሊላህ። ሆኖም ከወለድ ነፃ መሆን ከማስያዣ ነፃ መሆን አይደለም። በሙራበሐ ዕቃ ለመግዛትም ቢሆን ባንኩ ዋስትና ይፈልጋል። ትርፍና ኪሳራን ተካፍሎ አብሮ የሚሠራው ሙዳረባ፣ ለባዶ እጅ ወጣት የሚሆነው እሱ፣ በብዙ አገር ባንኮችም ዘንድ ጥቂት ነው።

ሁላችንም እጅ ላይ ያለ ነገር ዘካ ነው። በየረመዷኑ የሚሰበሰበው በብዙ ቦታ ለብዙ ሰው በትንሽ በትንሹ ተበትኖ ከዒድ አያልፍም። ኢማሙ ነወዊ በአል-መጅሙዕ ግን ባለሙያ ለሆነ ድሃ የሥራ መሣሪያው የሚገዛበት፣ ነጋዴ ለሆነ መነሻ ካፒታሉ እንደሚሰጠው ጽፈዋል። ለዘንድሮው ዘካ የየመስጂዱ ኮሚቴ ተቀምጦ ሲነጋገር አንድ ጥያቄ እንዲያነሣ እንጠይቃለን፤ ከገንዘቡ ከፊሉ ለጥቂት ሙስሊም ባለእጆች የአንድ ክረምት ክርና ቀለብ ቢሸፍን፣ ነጠላቸውን ይዘው እስከ መስከረም መቆየት ይችሉ ነበር ወይስ አይችሉም? ቁጥሩን አስልቶ ለመጀመር ሦስት ቤት ይበቃል።