ሞፈሩን ራስህ፣ ማረሻውን ለባለ እጁ

«መኪናህ ሲበላሽ ራስህ ትሠራለህ ወይስ መካኒክ ጋ ትወስዳለህ?» የሚለው ክርክር ሁለት ዓይነት ጀግና አፍርቷል። አንደኛው «መካኒክ ሁሉ ሌባ ነው» ብሎ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዞ ከመኪናው ሥር ይገባል። ሁለተኛው ኮፈን መክፈት ክብሩን የሚነካበት ጌታ ነው፤ ቁልፉን ወርውሮ «ስትጨርሱ ደውሉልኝ» ይላል። ሁለቱንም ሉማሜ ወስዶ አንድ ገበሬ ፊት ማቆም ነበር!

የሉማሜ ገበሬ ሞፈሩን ራሱ ይጠርባል፤ ቀንበሩን ያበጃል፤ ምራኑን ያጠብቃል። ማረሻው ሲዶለዱም ግን ባለ እጅ ዘንድ ይወስደዋል። እሳት፣ ወናፍና የዓመታት ልምድ እንደሚጠይቅ ያውቃላ! ሲመለስለትም ጫፉን በጣቱ ዳስሶ በደንብ መሾል አለመሾሉን ይለያል። የራሱን ሥራ ይሠራል፤ የሌላውን ሥራ ይመዝናል። ዲግሪ ጭኖ መኪና የገዛው ወገናችን ያጣው ይህንን ነው።

የሞተር ዘይት መጠን ማየት፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ራዲያተር ውስጥ ውሃ መጨመር፣ የጎማ ነፋስ መለካት፣ ጎማ መቀየር ሞፈር እንደ መጥረብ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው «ቀይሬልሃለሁ» ሲሉት ምን ብሎ ይከራከራል? ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል።

ፍሬን ግን ማረሻ ነው። ከሉማሜ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለትና ዳገት ነው። የፍሬን ዘይት እያደር ከአየር እርጥበት ይስባል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲደጋገም ይግላል፤ እርጥበት የጠጣው ዘይት ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ስለሚታመቅ ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ መኪናው ግን አይቆምም። አየሩ በደንብ ያልወጣለት የጓሮ ሥራም ሜዳ ላይ ደህና ሊመስል ይችላል፤ የሚፈተነው እዚያ ቁልቁለት ላይ፣ ያውም ሰው ጭኖ ነው። ቁጠባው የባለቤቱ፣ ዕዳው የተሳፋሪው!

«መካኒኩስ መቼ አወቀ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ በሰው መኪና ላይ የሚለማመድ ሞልቷል። ግን ጥፋቱ የማን ነው? አጼ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድበውን ሰው በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ገሥጸዋል። ስድቡ ግን ልብስ ቀየረ እንጂ አልሞተም። ልጃችን ትምህርት እምቢ ሲለው «በቃ ጋራዥ ይግባ» እንላለን። ወደቀ ያልነውን እየላክን አዋቂ እንጠብቃለን። የእጁን ዋጋ በግማሽ እናስቀንሳለን፤ ርካሹን መለዋወጫ ራሳችን መርጠን እንሰጠዋለን፤ ከዚያ «ሌባ!» እንላለን።

ነገሩ ደግሞ እየከበደ ነው የሚሄደው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በርክቷል። ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት አለው፤ በፒንሳ የሚነካካው ሰው ስህተቱን የሚያርምበት ዕድሜ ላያገኝ ይችላል።

ስለዚህ ጌታው፣ ኮፈንህን ክፈት፤ ዘይትህን እይ። አንተም ባለ ካቻቢቴው፣ ከፍሬኑ ላይ እጅህን አንሳ፤ ለሚያውቅ ስጥ። ሲሠራ አጠገቡ ቁሙ፤ የወጣውን አሮጌ ዕቃ አሳዩኝ በሉ። በደንብ ከሠራም ሳታጉረመርሙ ክፈሉት። ዓባይ በረሃ ላይ ዋጋ መከራከር አይቻልም።