ለአባቶቻችን ሞተር የማኅበር መድን ያዋጣል?



ስልካችንን ስንከፍት ደጋግመን የምናየውን አንድ ልጥፍ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛ ሰው፣ የራጅ ፎቶ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ከሥሩ «ለአላህ ብላችሁ ሼር አድርጉ»። አንዳንዴ የተኛው ወጣት ሞተረኛ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ፂሙ የሸበተ፣ ገበያ ለገበያ በሞተር እየዞረ ልጆች ያሳደገ አባት ነው። ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ሁለተኛው ነው።

በክልል ከተሞቻችን ሞተር የወጣት ብቻ መስሎ የሚታየን በወጣት ዓይን ስለምናይ ነው። ጨርቅ ይዞ ከገበያ ገበያ የሚሄደው ነጋዴ፣ ቡና ሰብሳቢው፣ ከከተማ ወጣ ብሎ መድረሳ የሚያስቀራው ኡስታዝ፣ ሃምሳና ስልሳ ዓመት አልፏቸው ኮርቻ ላይ ናቸው። የሞተረኞች ማኅበራት ለአባሎቻቸው በጅምላ መድን እንግባ ሲሉ ታዲያ ከሁለት ወገን ቅሬታ ይሰማል። አባቶች «እኔ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፣ ለሚበሩት ልጆች ለምን እከፍላለሁ?» ይላሉ። ወጣቶች ደግሞ «ትልልቆቹ ከገቡ መዋጮው ይወደድብናል» ይላሉ። የኛ አቋም ያዋጣል የሚል ነው። ግን ሁሉም ውል አያዋጣም።

መጀመሪያ አንድ የተለመደ ብዥታ እናጥራ። ብዙ ሞተረኛ «ኢንሹራንስ አለኝ» ሲል ያለው ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ባለ ተሽከርካሪ እንዲገባው የተገደደው ይህ ሽፋን የሚክሰው የተገጨውን ሰውና የተጎዳበትን ንብረት ነው። አባታችን ጠጠር ላይ ተንሸራቶ ጭኑ ቢሰበር፣ ሦስተኛ ወገኑ ለእሱ ምንም የለውም። ብረት ማስገቢያው፣ ወራት የሚፈጀው ተኝቶ መክረም፣ በነዚያ ወራት የሚቋረጠው ገቢ ሁሉ በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል። ገንዘቡ ሲጠፋ ወጌሻ ቤት ይኬዳል። ለወለምታ የሚረዳ ወጌሻ እንዳለ እናውቃለን፤ የተሰበረ ጭን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ በስድሳ ዓመት ደግሞ የባሰ ሌላ ጉዳይ ነው።

ማኅበሩ የሚያስገባው የጅምላ መድን ትርጉም የሚኖረው ይህንን ክፍተት ሲሞላ፣ ማለትም የነጂውን የራሱን አካል ጉዳት፣ ሕክምናና ሞት ሲሸፍን ነው። ማኅበሩ የሚያቀርበው ያንኑ ሦስተኛ ወገን በቅናሽ ብቻ ከሆነ ቅናሹን ተቀበሉ፣ ከዚያ በላይ ግን አትጠብቁ።

አሁን ወደ ቅሬታው እንመለስ። ማነው ለማን የሚከፍለው? ወጣት ሞተረኛ ይፈጥናል፣ ይቀድማል፣ ሰው የመግጨት ዕድሉም ከፍ ይላል። ስለዚህ በሦስተኛ ወገን በኩል ሁሉም እኩል ሲያዋጣ ረጋ ብሎ የሚነዳው አባት የወጣቱን ሸክም ይጋራል። በአካል ጉዳት በኩል ግን ነገሩ ይገለበጣል። በዕድሜ የገፋ ሰው አጥንቱ ቶሎ ይሰበራል፣ ቀስ ብሎ ይጠግናል፣ ወጣቱን ዳዴ አስኪዶ የሚያስነሳ አወዳደቅ እሱን ወራት ያስተኛዋል። እዚህ ላይ ወጣቱ ነው የአባቱን ሸክም የሚጋራው። ሁለቱም ቅሬታዎች ግማሽ እውነት ናቸው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ስታስቀምጧቸው ይጣፋሉ።

ይህ ደግሞ ለኛ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1985 ጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ የንግድ ኢንሹራንስ ውልን፣ በውስጡ ባለው ከፍተኛ ገረር ምክንያት፣ ሐራም ብሎ ሲወስን በምትኩ ያመለከተው በመረዳዳት ላይ የቆመውን የትብብር መድን ነው። ሱዳን ከዚያ ቀድማ በ1979 የመጀመሪያውን ኢስላማዊ የመድን ኩባንያ ከፍታ ነበር። እንደ ሸኽ ሙስጠፋ አዝ-ዘርቃ ያሉ፣ የንግዱንም የፈቀዱ ዑለሞች መኖራቸውን አንደብቅም፤ ብዙኃኑ ግን ከአካዳሚው ጋር ነው። በሕግ ተገዶ ሦስተኛ ወገን የሚገባ ሰው ደግሞ በውዴታው እንደገባ አይቆጠርም።

በተካፉል አባሉ የሚያዋጣው በተበሩዕ ስም፣ ማለትም በልግስና ነው። ልዩነቱ የስም አይደለም። በመሸጥና መግዛት ውል ውስጥ «ስንት ከፈልክ፣ ስንት አገኘህ» የሚለው ጥያቄ ግልጽ ካልሆነ ገረር ይሆናል። በልግስና ውስጥ ግን ይህ ጥያቄ ውሉን አያበላሸውም። አሽዐሪዮች ስንቅ ሲያልቅባቸው ያላቸውን ሁሉ አንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው እኩል ይካፈሉ እንደነበርና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዚህ እንዳወደሷቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ማን ብዙ አመጣ፣ ማን ብዙ በላ ተብሎ አልተቆጠረም። የሃያ አምስት ዓመት ሞተረኛና የስልሳ ዓመት ሞተረኛ እኩል ማዋጣታቸው በዚህ ዓይን ሲታይ እንግዳ ነገር አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ለተካፉል መመሪያ ካወጣ ወዲህ አንዳንድ የአገራችን የመድን ድርጅቶች የተካፉል መስኮት ከፍተዋል። ማኅበራችሁ ከየትኛው ጋር ሊዋዋል እንደሆነ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ከጥያቄዎቹም አንዱ በዓመቱ መጨረሻ ካሳ ተከፍሎ የተረፈው ገንዘብ ለማን ይሆናል የሚለው ይሁን።

«አላህ ጠባቂዬ ነው፣ መድን ምን ያደርግልኛል» ለሚሉ አባቶች መልሱን እናንተ ታውቁታላችሁ። የግመሏን ሐዲስ እዚህ አንደግመውም።

አሁን ውሉ ላይ ዓይናችሁን የምታሳርፉበትን እንንገራችሁ፤ አባቶች የሚጎዱት እዚህ ነውና። የአካል ጉዳት ሽፋን ላይ የዕድሜ ጣሪያ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ስልሳ ይሁን ስልሳ አምስት፣ ቁጥሩን ፈልጋችሁ አንብቡ። ጣሪያውን ካለፈ ሰው መዋጮ እየሰበሰበ ሽፋን የማይሰጥ ማኅበር አባቶችን እየበደለ ነው፣ ሳያውቅም ቢሆን። ከዚህ ጋር የሚመጣ የኛ አገር ችግር አለ፦ ብዙ አባቶች መታወቂያቸው ላይ ያለው የልደት ዘመን በግምት የተጻፈ ነው። አንዱ ወረቀት ላይ ሃምሳ ስምንት፣ ሌላው ላይ ስልሳ ሦስት ሆነው ይገኛሉ። መድን ሰጪው የሚያየው ወረቀቱን ነውና አደጋ ሳይደርስ በፊት ወረቀቶቹን አስማሙ። በተመሳሳይ የመንጃ ፈቃዱ የሞተር ምድብ ያለው መሆኑንና ጊዜው አለማለፉን እዩ። ሠላሳ ዓመት የነዳ አባት ፈቃዱን ማሳደስ ይረሳል፣ ማንም ጠይቆት አያውቅማ! ካሳ ሲጠየቅ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትም እንዲሁ፤ «በሽምግልና ጨርሰነዋል» ብሎ ያለ ሪፖርት ወደ ቤት የሄደ ሰው በኋላ ማስረጃ ያጣል።

ሌላው፣ የጅምላ መድን የማኅበሩ እንጂ የግለሰቡ አይደለም። ከማኅበሩ የወጣ ዕለት ሽፋኑ ይቆማል። አሥር ዓመት ከፍሎ በጡረታው የሚጠብቀው ነገር የለም፤ የተጠራቀመ ዕቁብ አይደለም። አባቶች ይህን ቀድመው ቢያውቁት በኋላ «በላኝ» ከማለት ይድናሉ።

የማያዋጣበትም አለ። አባታችሁ ሞተሩን የሚያስነሳው ለጁሙዓ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ውሉ በዕድሜው ምክንያት ካሳውን ለይስሙላ አሳንሶት ከሆነ፣ ያንን ገንዘብ ለደህና ሄልሜት አውሉት። ሄልሜት በአደጋ የመሞትን ዕድል በ40 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በጥናት የታወቀ ነው፤ የዕድሜ ጣሪያም የለውም። ከመግሪብ በኋላ እንዳይነዱ መለመንም አንድ ነገር ነው፣ ባይሰሙንም።

በየቀኑ ለሚነዳ፣ ቤተሰቡ በሱ ገቢ ለሚያድር አባት ግን በሐላል የተዋቀረ፣ ነጂውን የሚሸፍን፣ ዕድሜውን የማይገፋ የማኅበር መድን ከተገኘ መዋጮውን ልጆቹ እንክፈልለት እንላለን። አደጋው ከደረሰ በኋላ ሒሳብ ቁጥር ለጥፈን ከማናውቀው ሰው የምንለምነው ገንዘብ ከዚህ መዋጮ እጅግ ይበልጣል። ማኅበራችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ውሉን ይዞ ይምጣና የዕድሜውን አንቀጽ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ።