ወረቀት ባቡር አይጠግንም

ኮሌጅ ያልገባ በያጅ ባለሙያ ሊባል አይገባም የሚል ጽሑፍ በተደጋጋሚ ይታተማል። ስሕተት ነው።

ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ሲገባ በአገሩ የቴክኒክ ኮሌጅ አልነበረም። በሁርሶ አልፎ አዲስ አበባ ይደርስ የነበረውን መስመር ለአሥርት ዓመታት ያቆዩት፣ በድሬዳዋው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ከአለቆቻቸው አጠገብ ቆመው ቶርኖና ብየዳ የለመዱ ሰዎች ናቸው። መለዋወጫውን ሳይቀር እዚያው ያወጡት ነበር። ይህ ሙያ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

እርግጥ ምዘና ያስፈልጋል፤ በደንብ ያልተበየደ ብረት ሰው ይገድላል። ሆኖም በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ራሱ፣ ሙያው የትም ይለመድ፣ ብቃቱን በምዘና ያሳየ ሁሉ የምስክር ወረቀት እንዲያገኝ በር ከፍቷል። ጸሐፊዎቹ ሊዘጉት የሚሹት ይህንኑ በር ነው። አይዘጋ!