«ሲለበስ ይሰፋል»

ለእህቴ ልጅ ሠርግ ጥቁር ሹል ጫማ ስለካ ትንሿ ጣቴ ከጎን ተጨፍልቃ ነበር። ሻጩ ተንበርክኮ የጫማውን አፍንጫ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገና «ቆዳ ነው ጋሼ፣ ሲለበስ ይሰፋል» አለኝ። አመንኩት። ሠርጉ አልፎ ጫማውን የሥራ አደረግኩት።

ከሁለት ወር በኋላ ጣቴ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቢጫ ጠጣር ነገር ወጣች። ካሎ ነው። ሰው ሲረግጠኝ ይቅርና ካልሲ ሲነካት እንኳ ዓይኔ እንባ ያቀርር ነበር። ታክሲ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የማየው ባዶ ወንበር ሳይሆን የሰው እግር ሆነ።

አክስቴ «ሥር አለው፤ ካልተነቀለ ተመልሶ ይበቅላል» ብላ ምላጭ አቀረበችልኝ። ተመልሶ መብቀሉ እውነቷን ነው፤ ሥር ግን የለውም። ቆዳ አንድ ቦታ ላይ ደጋግመው ሲጫኑትና ሲፈትጉት ራሱን ለመከላከል ይወፍራል። የገበሬ መዳፍ መጅ የሚያወጣውም ለዚሁ ነው። የካሎ ክፋቱ ግፊቱ አጥንት ባለበት ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ የወፈረው ቆዳ እንደ ሚስማር ጫፍ ወደ ውስጥ መሾሉ ነው። ከላይ ጫማ፣ ከታች አጥንት፣ መሐል ላይ ነርቭ። ምላጩ አናቱን ቢቀነጥሰውም ጫማው በነጋታው ሥራውን ይቀጥላል።

ከፋርማሲ የገዛሁት ፕላስተርም ያው ነው። በውስጡ ያለው ሳሊሲሊክ አሲድ የወፈረውን ቆዳ ያለሰልሳል፤ ነገር ግን ካሎውን ከጤነኛው አይለይም። እኔ አሰፋፍቼ ለጥፌው ዙሪያው ነጭ ሆኖ ተላጠ። ስኳር ያለበት ሰው ግን ምላጩንም ፕላስተሩንም አይንካ፤ ሐኪም ይየው። እግሩ ከደነዘዘ ቁስሉ አይሰማውም፣ ደምም በደንብ ላይደርሰው ይችላል፤ እንዲህ ያለ ቁስል እግር እስከማስቆረጥ ይደርሳል።

ነገሩን የገለጠልኝ የሰፈራችን ሊስትሮ ነው። ጫማዬን ሲቦርሽ ቆየና «ጋሼ፣ ይቺ ቦታ ቀለም አልይዝ አለችኝ» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በትንሿ ጣቴ አንጻር ቆዳው ተወጥሮ ወጣ ብሏል፤ እብጠቱ አናት ላይ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች አሉ። ካሎዬ ከነአድራሻው እዚያ ተስሏል። ለካ ስንት ጊዜ ጣቴን ሳክም ጫማውን ዞር ብዬ አላየሁትም!

ጫማውን እግሩ ቀጭን ለሆነው ወንድሜ ሰጠሁት። ማታ ማታ እግሬን ለ10 ደቂቃ ለብ ባለ ውኃ እየዘፈዘፍኩ በእግር ድንጋይ በስሱ ፈተግ አደርግና ቫዝሊን እቀባለሁ። በአንድ ቀን ልጨርሰው ብሎ መፈተግ ማድማት ነው። ቀስ በቀስ ሳሳ፤ ከዚያም ጠፋ።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ጫማ ልገዛ የሄድኩት ሆን ብዬ አመሻሽ ላይ ነው፤ እግር ሲውል ያብጣል። ቤት ካርቶን ላይ ቆሜ እግሬን በእርሳስ ዙሪያውን ሥዬ፣ ቆርጬ ይዤ ነበር። ሱቁ ውስጥ ካርቶኑን 42 ቁጥሩ ሥር ሳስቀምጠው በሁለቱም ጎን ተርፎ ወጣ። ሻጩ ሳቀና «ኧረ ጋሼ፣ ቆዳ እኮ ነው፤ ሲለበስ…» ብሎ ጀመረ።

«43 አምጣልኝ» አልኩት።