የተኛውን መቀስቀስ ወይስ መግደል?

ኮምፒውተር “ሞተ” ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። የሚገርመው ግን ሞተ ከተባሉት ብዙዎቹ አልሞቱም፤ ተኝተው ነው። የምንገድላቸው እኛው ነን። ይህን የምለው በራሴ ላይ ከደረሰ ነገር ተነስቼ ነው።

ባለፈው የሴሚስተር እረፍት ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ መካነ ሰላም ሄጄ ነበር። ለፊቸር መለማመጃ ይሆነኛል ብዬ ከደንቆሮ ጫካ አካባቢ ለገበያ የመጡ አንድ አዛውንት አነጋገርኩ። ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ጫካው፣ ስለ ጭላዳውና ስለ ቀይ ቀበሮው ሁለት ሰዓት ሙሉ አወጉኝ። የስልኬ ባትሪ ስላለቀ ዘመዴ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ተቀምጬ እሳቸው ሲናገሩ እኔ በኖትፓድ እጽፋለሁ። ሲጨርሱ “በይ ልጄ፣ ያልኩሽን እንዳታጠፊው” ብለውኝ ተነሱ። መንገድ ድረስ ሸኝቻቸው ስመለስ ስክሪኑ ጨልሟል። የማብሪያው መብራት ግን ብልጭ ድርግም ይላል። ማውሱን ባንቀሳቅስ፣ ኪቦርዱን ብነካካ ወይ ፍንክች!

“አብሽሪ፣ ልማዱ ነው” አለኝ አንድ ሠራተኛ። “ቆይ ወንድሜ” ሳልለው ገመዱን ከሶኬት ነቀለው። መልሶ ሲሰካው ኮምፒውተሩ ተነሳ፤ የአዛውንቱ ቃል ግን አልተነሳም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። ሰውየውን ብቻ አልወቅስም። በሁለት ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ሴቭ ያላደረግኩት እኔ ነኝ።

ለመሆኑ ስሊፕ ምንድን ነው? ኮምፒውተሩ ስክሪኑን፣ ሃርድ ዲስኩንና ፕሮሰሰሩን አሳርፎ ለሚሞሪው ብቻ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይተውለታል። ሴቭ ያልተደረገው ሥራችን ያለው እዚያ ነው። ሚሞሪው ኤሌክትሪክ ሲያጣ የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ሃይበርኔት የሚባለው ግን ሥራውን ሃርድ ዲስክ ላይ ጽፎ ስለሚጠፋ መብራት ቢሄድም ችግር የለም። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህን ልዩነት አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል።

ታዲያ ለምን አልነቃም ይላል? ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1996 ኤሲፒአይ የተባለ ደንብ አወጡ። በዚህ ደንብ መሠረት መተኛትና መንቃት የማዘርቦርዱ፣ የዊንዶውሱና የድራይቨሮቹ የጋራ ሥራ ነው። አንዱ ካልተባበረ ማሽኑ እንደተኛ ይቀራል። የግራፊክስ ድራይቨሩ አርጅቶ ወይም ኪቦርዱ የመቀስቀስ ፈቃድ አጥቶ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ማሽኑ ነቅቶ ስክሪኑ ብቻ ነው የጠፋው።

ኮሌጅ ስመለስ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ቀላል ዘዴ አሳየኝ። ካፕስ ሎክን ተጫኑ። የኪቦርዱ መብራት በራና ጠፋ ካለ ኮምፒውተሩ ነቅቷል፤ ችግሩ ስክሪኑ ጋ ስለሆነ የስክሪኑን ማብሪያና ኬብል ማየት ነው። በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ደግሞ የዊንዶውስ፣ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የ“ቢ” ቁልፎችን አንድ ላይ መጫን የግራፊክስ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳዋል፤ የተከፈተ ሥራ አይነካም። ካፕስ ሎክ ካልበራ ማብሪያውን አንዴ ጫን አድርጎ መልቀቅና ትንሽ መታገሥ ነው። ይዞ መቆየት አይገባም፤ ለጥቂት ሰከንዶች ከተያዘ ያጠፋዋላ! ያ የመጨረሻው መፍትሔ ነው፤ ገመድ መንቀል ደግሞ ከእሱም በኋላ የሚመጣ ነው። ማሽኑ ከተነሳ በኋላ ዲቫይስ ማናጀር ገብቶ ኪቦርዱ ኮምፒውተሩን እንዲቀሰቅስ መፍቀድና ድራይቨሩን ማደስ ይቻላል።

ይኼ ሁሉ አንድ ገጽ አይሞላም። ታዲያ በአማርኛ ተጽፎ በየኮምፒውተር ላቡ ግድግዳ ላይ ለምን አይለጠፍም? ግድግዳው ላይ የምናየው “መንካት ክልክል ነው” የሚለውን ነው። አንዳንዶች “ተማሪ ከነካካው ያበላሸዋል” ይላሉ። ስጋቱ ይገባኛል፤ አንድ ላብ ብዙ እጅ ያያል። ነገር ግን ከላይ ያልኩት ብሎን መፍታት የለበትም፤ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ማሽኑንና ሥራውን የሚጎዳው ያለማወቅ ነቀላ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማ ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። ሲበላሽ ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቅ ነበር ይላሉ። ዛሬም ያው ነን። ከመካነ ሰላም አንድ ሲፒዩ ጭኖ በአቀስታ በኩል ደሴ ድረስ መውሰድ የመኪናው፣ የቀኑና የገንዘቡ ወጪ ቀላል አይደለም። እዚያ ደርሶ “ምንም አልሆነም፣ ተኝቶ ነው” ቢባልስ? ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ አለው። የኮምፒውተር ተማሪዎች ባሉበት ሁሉ ግማሽ ቀን ሰጥተው የየመሥሪያ ቤቱን ሠራተኛ ቢያሳዩ በእኔ እምነት ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ ነገሩ የማሽን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰው የነገረን ቃል አደራ ነው። አዛውንቱን በሚቀጥለው የገበያ ቀን ፈለግኳቸው፤ አልመጡም። እኔም ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። ያሉኝን ከትዝታዬ ልጽፈው ሞክሬ ተውኩት፤ የእሳቸው ሳይሆን የእኔ ቃል ሆነብኝ። ስለዚህ ከወንበራችን ከመነሳታችን በፊት ሴቭ እናድርግ። ጨልሞ ስናገኘው ደግሞ ገመዱን ከመንካታችን በፊት ካፕስ ሎክን እንንካ።

ቸር እንሰንብት።