ከሀዋሳ እስከ ሮቤ ስንት ሰዓት ነው?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ ባሌ የአየር ጉዞ ያለኝን ጥቂት አሳብ በአንባቢያን ዓምድ ላይ ያወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

ታላቅ ወንድሜ በጎባ ከተማ ሲያርፍ የበኵር ልጁ በሀዋሳ ነበረ። መርዶው እንደ ደረሰው በስልኩ ላይ ርቀቱን ቢመለከት፥ ከሀዋሳ አይሮፕላን ማረፊያ እስከ ሮቤ ማረፊያ 180 ኪሎ ሜትር ያህል፥ የበረራውም ጊዜ 40 ደቂቃ ያህል ሆኖ አገኘው። ይህንኑ አምኖ «በአይሮፕላን እደርሳለሁና ጠብቁኝ» አለን። ቀጥታ በረራ አለመኖሩን ተረድቶ መኪና እስኪያገኝ ጊዜው አለፈ። እኛም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀን ቀበርን፤ ልጁ የደረሰው ከመሸ በኋላ ነው።

በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ ያሳሳተን ስሌቱ ነው። በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር የሚበር አይሮፕላን 180ውን ኪሎ ሜትር በ18 ደቂቃ ይፈጽመዋል፤ መነሻውና መውረጃው ቢጨመርበትም 40 ደቂቃ ይበቃዋል። ዳሩ ግን የአገር ውስጥ በረራችን አዲስ አበባን ማእከል ያደረገ ስለ ሆነ፥ መንገደኛው በመጀመሪያ 210 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ከዚያም 250 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይመለሳል። ይህም በድምሩ 460 ኪሎ ሜትር፥ ማለት የቀጥታው ሁለት እጥፍ ተኩል መሆኑ ነው። ከአንዱ አይሮፕላን ወርዶ ሌላውን መጠበቅም አለ፤ ሰዓቱ ካልገጠመ ማደር ይመጣል። በሻሸመኔ፥ በዶዶላ፥ በአዳባና በዲንሾ በኩል በመኪና የሚመጣ ሰው ግን በግማሽ ቀን ይደርሳል።

በሌላው ወገን ያለውንም ችግር መዘንጋት አይገባም። ከ70 በላይ መቀመጫ ያለው አይሮፕላን ጥቂት ሰዎች ብቻ ይዞ ቢመላለስ ኪሣራ ነው። የሮቤ ማረፊያም በከፍታው 2,334 ሜትር ከሆነው ከቦሌ ይበልጣል። እንዲህ ባለ ስስ አየር ውስጥ አይሮፕላን ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ ያስፈልገዋል፤ የሚይዘውም ጭነት ይወሰናል።

ስለዚህ በየቀኑ ቀጥታ በረራ ይኑር አልልም። ነገር ግን በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ከአዲስ አበባ የተነሣ አይሮፕላን ሀዋሳ አርፎ፥ ሮቤ ደርሶ፥ ወደ አዲስ አበባ ቢመለስ፥ የሦስቱን ስፍራ መንገደኛ በአንድ ዙር ሊያገለግል ይችላል። ባሕር ዳርን፥ ጎንደርን፥ ላሊበላንና አክሱምን እያያያዘ የሚሄድ በረራ በቀደሙት ዓመታት እንደ ነበረ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በአንድ ጉባኤ፥ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሰፍረዋል። ለጌዴኦ ቅርብ የሆነው ማረፊያ የሀዋሳው፥ ለባሌ ተራሮች ደግሞ የሮቤው ነው። ሁለቱን ለማየት የመጣ እንግዳ በመካከሉ አዲስ አበባ መመለስ ባላስፈለገው ነበር።

ጉዳዩ የሚመለከታቸው ክፍሎች የመንገደኛውን ቍጥር መርምረው ይህ የሚቻል እንደ ሆነ ቢነግሩን ደስ ይለናል። እስከዚያው ድረስ አንባቢያን ከካርታው አስቀድመው የበረራውን ፕሮግራም እንዲጠይቁ አሳስባለሁ። ለቀብር የሚቸኩል ሰው የሚያስፈልገው የኪሎ ሜትሩን ልክ ማወቅ ሳይሆን የሚደርስበትን ሰዓት ማወቅ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የጎባ ነዋሪ